ጅቡቲ ላይ የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ፦ ዋና የማያውቁ እናትና እህት ይዤ ልሂድ?

ኮምቦልቻ_03

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ወንድሜ ጅቡቲ ነው የሚሠራው። ጥር ላይ እኔን፣ እናቴንና ታናሽ እህቴን ጋብዞናል። ካሰበልን ነገር አንዱ ሙሻና ማስካሊ ወደሚባሉት ደሴቶች የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ ነው። ጠዋት ከከተማው ይወጣል፣ ሁለቱንም ደሴት ያሳያል፣ መሃል ላይ ዋናና ስኖርክሊንግ (ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ በቱቦ እየተነፈሱ ዓሣ ማየት) አለው፣ ከሰዓት ይመልሳል።

እኔ በጣም ጓጉቻለሁ። ግን ሦስት ነገር ያስጨንቀኛል። እናቴ 60 ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። እህቴ ሂጃብ ለባሽ ናት፣ ምን ለብሳ ውሃ ውስጥ እንደምትገባ ግራ ገብቷታል። እኔ ደግሞ የምዋኘው ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው፣ ያውም እግሬ ወለል በሚነካበት በኩል። ወንድሜ «ላይፍ ጃኬት አለ፣ አታስቢ» ይለኛል። በእሱ ብቻ ልተማመን? የሄደ ሰው ካለ በዝርዝር ይንገረኝ።

መንገድ_ላይ

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ስለ ዋናው ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ መንገዱና ስለ ጊዜው ልበል።

ጥር ጥሩ ወር ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ጅቡቲ ለደጋ ሰው ትመቻለች። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፣ እናትሽን በዚያ ጊዜ እንዳትወስጂ። በመኪና ከሆነ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ፣ በዲኪል ነው። አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ በደረሳችሁ ማግስት ጀልባ ላይ እንዳትወጡ። አንድ ቀን እረፉ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ እንዴት እንደሆነ ሰሞኑን የተመላለሰ ሾፌር ጠይቂ።

አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር ደግሞ ሰዓት ነው። ጅቡቲና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው፣ እነሱ ግን የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። የጀልባው ሰው «ሰባት ሰዓት» ካለሽ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ማለቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ተረድተው እኩለ ቀን ላይ የመጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ጀልባው ከሄደ ቆይቷል። አርብ ደግሞ የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ ጀልባው ይጨናነቃል። ሰኞ ወይ ማክሰኞ አድርጉት።

ሰማያዊ_ውሃ

ጅቡቲ ለዓመታት ኖሬያለሁ፣ አሁን ደሴ ነኝ። ሙሻና ማስካሊን በደንብ አውቃቸዋለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሚኝ።

ትንንሽ ጀልባዎቹ የሚነሱት ኤስካል ከሚባለው ማረፊያ ወይም ከዓሣ አስጋሪዎቹ ወደብ ነው። ደሴቶቹ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት፣ በዝግተኛው ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱም ዝቅ ያሉ የኮራል ደሴቶች ናቸው፣ ተራራ የላቸውም፣ ጥላ የላቸውም ማለት ይቻላል። ሙሻ ላይ ማንግሮቭ አለ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ዛፍ። አብዛኛው ጀልባ አንዱ ደሴት ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ይሻገራል፣ እዚያ ትዋኛላችሁ። ጠዋት ባሕሩ ይረጋል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይጨምራል። ለዚህ ነው የግማሽ ቀን ጉዞ የጠዋቱ የሚሻለው።

አሁን ወደ ስኖርክሊንጉ። ጭምብል (ማስክ)፣ የመተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ነው። ሆድሽን ወደ ታች አድርገሽ ትንሳፈፊያለሽ፣ ፊትሽ ውሃ ውስጥ ነው፣ በአፍሽ ብቻ ትተነፍሻለሽ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ሰውን ያነሳል፣ መንሳፈፉ አይከብድም። የሚከብደው ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ መተንፈስ ነው። አእምሮ እንቢ ይላል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውየው ይደነግጣል፣ ጭንቅላቱን ያወጣል፣ በእግሩ ይራገጣል፣ ይደክማል። ላይፍ ጃኬት ከመስመጥ ያድናል፣ ከድንጋጤ ግን አያድንም። ወንድምሽ የዘለላት ይቺን ነው።

ድንጋጤውን የሚያስቀረው ልምምድ ነው። ጉዞው ሳይደርስ ገንዳ ውስጥ፣ እግርሽ በሚነካበት ቦታ፣ ጭምብሉን አድርገሽ ፊትሽን ብቻ ንከሪና ተንፍሺ። ረጅም ወደ ውስጥ፣ ረጅም ወደ ውጭ። ሳትጨነቂ አሥር ደቂቃ ከተነፈስሽ ሥራው አልቋል። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ሆን ብለሽ ውሃ አስገቢና «ቱፍ» ብለሽ በኃይል አስወጪው። ባሕር ላይ ማዕበል ቱቦሽን ሲሞላው ሰውነትሽ ራሱ ያውቀዋል።

ጭምብል ስትመርጪ ገመዱን ሳታስሪ ፊትሽ ላይ አድርጊውና በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ሳቢ። እጅሽን ስትለቂው ካልወደቀ ልክሽ ነው። ፀጉር ወይም የሂጃብ ጠርዝ ከሥሩ ከገባ ውሃ ያስገባል። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን ዘመናዊ ጭምብል አልመክርም። ያወጣሽው የተቃጠለ አየር ውስጡ ሊቀር ይችላል፣ ስትደነግጪም ቶሎ አይወልቅም። ቀላሉ ይሻላል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ምን ታገኛለሽ? ወላሂ ቃል ያጥረኛል። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር ዓሣ አፍንጫሽ ሥር ያልፋል። ኮራሉን በጥርሱ የሚሰብር ትልቅ ባለ ቀለም ዓሣ አለ፣ ፓሮትፊሽ ይሉታል፣ ጸጥ ብትዪ ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማሻል። ፈጭቶ የሚያወጣው ነው እዚያ ዳር የምትረግጪው ነጭ አሸዋ አንዱ ክፍል። ከቀናሽ የባሕር ኤሊ ታያለሽ። ስንት ጊዜ ብገባ አልጠገብኩትም።

ጦሳ_ሥር

እኔ ከሰማያዊ_ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ነው የምስማማው። መዋኘት የማይችል ሰው ስኖርክሊንግ ማድረግ የለበትም፣ በቃ። ስኖርክል ላይ ሰው ሲሞት አይጮኽም፣ እጁን አያውለበልብም። ፊቱን ደፍቶ ጸጥ ይላል፣ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ዓሣ እያየ ይመስለዋል። ዋና የሚችለው እንኳ ብቻውን መግባት የለበትም። እናትየው ቢቀሩ ምን ይጎድላል? ደሴቷ ላይ ተቀምጠው ይደሰቱ።

ሰማያዊ_ውሃ

ጦሳ_ሥር ጸጥ ብሎ ስለመስመጥ የጻፍከው እውነት ነው፣ ሁሉም ደጋግሞ ያንብበው። እኔ የምለው ዳር ላይ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ላይፍ ጃኬት አድርጋ፣ አንድ ሰው እጇን ይዞ ፊቷን ብትነክር ምን ችግር አለው? ጥልቁ ላይ ከጀልባ እንድትዘል አላልኩም። ያ ለማይዋኝ ሰው ክልክል ይሁን፣ እስማማለሁ።

ጦሳ_ሥር

እንዲህ ከሆነ ተስማምተናል። ወገብ ድረስና እጅ ይዞ።

ሲስተር_ከሆጤ

ነርስ ነኝ፣ ስለ እናትሽ ልጨምር። ደም ግፊት፣ ልብ ወይም አስም ካለባት ከመሄዷ በፊት ሐኪሟ ይያት፣ ጉዞውም በትክክል ይነገረው። «ጅቡቲ ዘመድ ጥየቃ» ብቻ ብትሉት ስለ ውሃው አያስብም። መድኃኒቷን ከራሷ ጋር በእጅ ቦርሳ ትያዝ። የግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት ያበዛሉ፣ ሙቀት ላይ ያ ውሃ ጥም ያመጣል። ከመጠማቷ በፊት ትጠጣ።

ለማቅለሽለሽ፦ ባዶ ሆድ አይሁን፣ የጠገበም አይሁን። ዳቦና ዝንጅብል ሻይ በቂ ነው። ጀልባው ላይ ከኋላ በኩል ተቀምጣ ሩቁን የባሕር ጠርዝ ትይ፣ ስልክ አትይ። የሚያጥወለውላት ከሆነ ፋርማሲ የሚሸጥ ክኒን አለ፣ ግን ከመነሳት በፊት ነው የሚዋጠው፣ ከሌላ መድኃኒቷ ጋር መስማማቱን ጠይቁ።

ፀሐዩን እንዳትንቁት። የደሴ ፀሐይ ለምደናል ትላላችሁ፣ ውሃ ላይ ግን ከላይም ከታችም ነው። ፊትሽን ደፍተሽ ስትንሳፈፊ የሚቃጠለው ጀርባሽ፣ የአንገትሽ ኋላና የባትሽ ኋላ ነው፣ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝሽ አይታወቅሽም። እጅጌው ረጅም የሆነ ጥብቅ ያለ ልብስ ከየትኛውም ክሬም ይበልጣል።

እግራችሁ ላይ ጫማ ይኑር። ጥቁር ረጅም ሾህ ያለው ክብ የባሕር እንስሳ ድንጋይ መሃል ይቀመጣል፣ ሲረግጡት ሾሁ ተሰብሮ ይቀራል። ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣም አለ። እሱ ከወጋ ሕመሙ ከባድ ነው፣ እግሩን በሚቻል መጠን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ይቀንሳል፣ እንዳያቃጥለው ግን ሌላ ሰው በእጁ ይሞክረው። ከዚያ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት።

የገራዶዋ

እኔ ለእህትሽ ልመልስ። ውዴ፣ ምንም አትጨነቂ። ጅቡቲ የሙስሊም አገር ናት፣ ባሕር ዳር ተሸፍኖ መዋኘት ማንንም አያስገርምም። እኔ ቡርኪኒ ለብሼ ነው የገባሁት። ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ጨርቁ ውሃ አይዝም። ካላገኘች ጥብቅ ያለ የስፖርት ሱሪና ረጅም እጅጌ ቲሸርት፣ ከላይ ደግሞ ራስ ላይ ጥብቅ የሚል የስፖርት ሂጃብ። ሰፊ ቀሚስና አባያ ግን ለብሳ እንዳትገባ። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ አደገኛ ነው።

የጭምብሉ ነገር እውነት ነው። ጭምብሉ ቆዳ ላይ ይቀመጥ፣ ጨርቁ ከጭምብሉ ውጭ ይሁን። ገመዱ ከሂጃቡ በላይ ቢያልፍ ችግር የለውም።

ሴቶች ብቻ ሆነን ጀልባ ተከራይተን ነበር የሄድነው፣ ጀልባ ነጂው ፊቱን አዙሮ ነው የጠበቀን፣ አላህ ይስጠው። ዋጋው በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ ተሰባስበን መሄዱ ረከሰልን። ዙህርንም ደሴቷ ላይ ሰገድን። የመስገጃ ምንጣፍና ለጦሃራ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ለየት አድርጋችሁ ያዙ።

ኮምቦልቻ_03

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እህቴ የገራዶዋን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያስነበበችኝ።

ሌላ ጥያቄ። ለልምምዱ ከገንዳ ይልቅ ሐይቅ ብንሄድስ? ቅርብ ነው፣ እናቴም የእስጢፋኖስን ገዳም ከሩቁም ቢሆን ማየት ትወዳለች።

ሎጎ

ሐይቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ውሃችንን የምወደውን ያህል ማንም አይወደውም። ግን ዋና ለመለማመድ አትምጡ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዳር ትንሽ ራቅ ስትዪ መሬቱ ይከዳሻል። በዚያ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ዳር ዳሩን ሳር ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ነው የሚተላለፈው፣ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፣ አይታይም አይሰማም። የጨው ባሕር ላይ ይሄ በሽታ የለም፣ ጅቡቲ በዚህ በኩል ከእኛ ይሻላል። እዚህ ነክተሽው ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ለጀልባው ግን ኑ! ደሴ ላይ ከተነሳችሁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እናትሽ ጀልባ ላይ መቀመጥ፣ መውጣትና መውረድ ጉልበቷ ይችል እንደሆነ እዚሁ ታውቂያለሽ። ጅቡቲ ሄዶ ከማወቅ እዚህ ማወቅ ይሻላል። እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም፣ ከውሃው ላይ ሆኖ ማየት ግን ይቻላል። ሲመለሱ ዳር ላይ ትኩስ ዓሣ አለ፣ ሳትበሉ እንዳትሄዱ።

ገንዳ_አለ

ለልምምዱ ገንዳ ያለው ሆቴል ኮምቦልቻ አለ፣ የደሴ ብርድም የለበትም። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ።

አባባ_ፒያሳ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። በእኛ ጊዜ ለወሎ ሰው ባሕር ማለት አሰብ ነበር። የኮምቦልቻ መንገድ በባቲ ወርዶ አሰብ ነበር የሚገባው። በወጣትነቴ ከጭነት መኪና ጋር ወርጄ አይቻለሁ። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ ከዚያ በላይ ማንም አላስተማረኝም። የዛሬ ልጆች ጠይቃችሁ፣ ተለማምዳችሁ መሄዳችሁ ትልቅ ነገር ነው።

አንቺ ልጄ፣ እናትሽን ጥላ ሥር አስቀምጠሽ ብቻ እንዳትመልሺያት። ወንበር ወይም ጀሪካን ውሃው ዳር አድርጉላት፣ ተቀምጣ እግሯን ትንከር። ጉልበት ለሚያመው ሰው ሙቅ የጨው ውሃ ደስ ይላል። እሷ ናት የምትወስነው፣ እናንተ አትወስኑላት።

ኮምቦልቻ_03

አባባ፣ እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ። አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። «እስከ ወገቤ እገባለሁ፣ ግን አንቺ ሳይሆን ወንድምሽ ነው የሚይዘኝ፣ ጉልበት ያለው እሱ ነው» አለችኝ።

የቧንቧ_ውሃ

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። እኔም ጅቡቲ ልሄድ ነው፣ ግን ስኖርክሊንግ ሳይሆን በታንክ የሚጠለቀውን ስኩባ መሞከር እፈልጋለሁ። በማግስቱ ደሴ ሥራ አለብኝ። ይደረሳል?

ሰማያዊ_ውሃ

ወንድሜ ይሄ ጥያቄ ሕይወት ያድናል። በታንክ ጠልቀህ ስትተነፍስ በግፊት የገባ ናይትሮጅን ሰውነትህ ውስጥ ይቀራል፣ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ሳይወጣ ከፍታ ከወጣህ ደምህና መገጣጠሚያህ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሕመሙ ቀላል አይደለም፣ ሽባም ሊያደርግ ይችላል። ለአውሮፕላን የሚመከረው ከአንድ ጊዜ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ከጠለቅህ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። አብዛኛው ሰው በመኪና የሚመለስ ይሄ የማይመለከተው ይመስለዋል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ከባሕር ወለል ተነስተህ በባቲ በኩል ደሴ መውጣት ለሰውነትህ ከመብረር አይለይም። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቅህ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ጅቡቲ ቆይ። በዚያ ቀን ከተማ ዙር፣ ዓሣ ብላ። አስጠላቂዎቹ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደምትኖር አያውቁም፣ አንተ ንገራቸው።

ስኖርክሊንግ ላይ ላዩን የምትተነፍሰው ተራ አየር ስለሆነ ይሄ ችግር የለውም። ኮምቦልቻ_03 በዚያው ቀን ብትመለሺም ምንም አትሆኚም።

መንገድ_ላይ

ይሄን አላውቅም ነበር። ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚጠልቁ ልጆች አሉ።

ኮምቦልቻ_03

የመጨረሻ ጥያቄዬ ስለ ጀልባው ነው። ወንድሜ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ምን ምን ያይ? ደግሞ ትልቁን ዓሣ፣ ዌል ሻርክ የሚሉትን፣ በዚሁ ጉዞ እናየዋለን?

ሰማያዊ_ውሃ

ከዌል ሻርኩ ልጀምር። ጊዜው ከህዳር እስከ ጥር ነው፣ ስለዚህ ወሩ ገጥሞልሻል። ቦታው ግን ሙሻ ሳይሆን አርታ በሚባለው ባሕር ዳር በኩል ነው፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ። ሌላ ጉዞ ነው። በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ሰው አይበላም፣ ምግቡ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ነገር ነው። ጅቡቲ የሚመጡት ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው፣ ያም ሆኖ ከሰው በጣም ይረዝማሉ። እሱ ክፍት ውሃ ላይ ስለሆነ በደንብ የምትዋኚ ካልሆንሽ ከጀልባ ሆነሽ እይው። የሚገባ ሰው ሦስት ሜትር ይራቀው፣ ከጅራቱ ደግሞ አራት ሜትር። አይነካ፣ ፍላሽ አይበራበት።

ጀልባውን ሲያይ መጀመሪያ መሰላሉን ይይ። ብዙ ጀልባ መሰላል የለውም፣ ሰውን ክንዱን ይዘው ነው የሚጎትቱት። ለእናትሽ ጉልበት ያ አይሆንም፣ መሰላል ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ቀጥሎ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው በየልኩ ይኑር፣ ዘለበቱን እየቆለፈ ይሞክር። ላዩ ጥላ ያለው ይሁን። ትርፍ ሞተር ወይም ሬዲዮ ካለው ጥሩ። ከዚያ ከነጂው ጋር ይነጋገሩ፦ ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ሞተር አይነሳም፣ ሁሉም እስኪወጣ። እንዳይረሳ ወንድምሽ ጀልባው ላይ የሚቆጥር አንድ ሰው ያስቀር። ሰው ሁሉ ዓሣ ሲያይ ያንን የሚያይ አይኖርም፣ ስለዚህ ሥራው የአንድ ሰው ይሁን። ገንዘቡን ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ሲመለሱ ይክፈል። ዶላር የሚቀበሉ አሉ፣ የጅቡቲ ፍራንክ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ኮራሉን አትንኩ፣ አትቁሙበት፣ ቁራጭም ይዛችሁ አትምጡ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ብዙው ዝርያ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚያድገው። ቆሞ ማረፍ የፈለገ አሸዋ ላይ ይቁም።

ሲስተር_ከሆጤ

መሰላሉን ስለጠቀስክ አመሰግናለሁ፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ኮምቦልቻ_03

ወንድሜ ይሄን ሁሉ አንብቦ ነገ ወርዶ ጀልባዎቹን ሊያይ ነው። እኛ ቅዳሜ ገንዳ እንሄዳለን፣ በሚቀጥለው እሁድ እናቴን ሐይቅ እወስዳታለሁ። የቸገረኝ ጭምብልና ቱቦ ነው። ኮምቦልቻ ፒያሳ ጠየቅኩ፣ የሕፃናት መጫወቻ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ሰማያዊ_ውሃ

የሕፃኑን አትግዢ፣ መስታወቱ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰበራል። እኔ ሁለት ጭምብል ከነቱቦው አለኝ፣ አንዱ ለቀጭን ፊት ይሆናል። አርብ ደሴ ከመጣሽ ውሰጂ፣ ከጅቡቲ ስትመለሺ ትመልሺልኛለሽ። በውስጥ ጻፊልኝ።

ኮምቦልቻ_03

ጻፍኩልህ። አርብ ከሰዓት እመጣለሁ።